ከመሬት በታች ላለው ቧንቧ ማን ይክፈል?

ለዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች በርከት ያሉት ስለ ፍሳሽ ቆሻሻ የሚጠይቁ በመሆናቸው፣ ዓምዱን ሙሉ በሙሉ ለዚሁ ጉዳይ ሰጥተነዋል። ደብዳቤዎቹን ቦታ ለመቆጠብ ስንል አሳጥረናቸዋል፤ ጸሐፊዎቹ በጠየቁን መሠረትም ስማቸውን አላወጣንም።

ጥያቄ፦ ታላቅ ወንድሜ በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ግዛት፣ ክሊቭላንድ ከተማ ይኖራል። በቅርቡ ሲደውልልኝ ለፍሳሽ የሚከፍለው ገንዘብ ለውኃ ከሚከፍለው እንደሚበልጥ ነገረኝ። እንዲያ ባለ ሀብታም አገር ይህን ሁሉ ወጪ በነዋሪው ላይ የሚጭኑት ለምንድን ነው? ያረጀውን መስመር የሚያድሱበት ገንዘብስ ከየት ነው የሚመጣው? (ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ የወንድምዎ ከተማ ለእኛ ለጣና ዳር ነዋሪዎች ጥሩ መማሪያ ናት፤ እሷም የተቆረቆረችው በሐይቅ ዳር፣ በኤሪ ሐይቅ ጫፍ ነውና። ኤሪ ከሰሜን አሜሪካ አምስት ታላላቅ ሐይቆች ሁሉ ጥልቀቱ አነስተኛ ነው። ክሊቭላንድ የምትጠጣውን ውኃ የምትቀዳው ከዚሁ ሐይቅ ሲሆን፣ ለረጅም ዘመን ፍሳሿን ስትለቅ የኖረችውም ወደዚያው ነው። ከተማዋን አቋርጦ ወደ ሐይቁ የሚገባው የካያሆጋ ወንዝ በዘይትና በፋብሪካ ተረፈ ምርት ከመበከሉ የተነሣ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 ውኃው ላይ እሳት ተቀጣጥሎ ነበር። የአሜሪካ የንጹሕ ውኃ ሕግ በ1972 ሲወጣ፣ በዚያው ዓመት የክሊቭላንድና የአጎራባች ከተሞች የፍሳሽ ጉዳይ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ለአንድ የጋራ ተቋም ተሰጠ። ይህ የሰሜን ምሥራቅ ኦሃዮ የፍሳሽ ተቋም ዛሬ 62 ከተሞችንና መንደሮችን፣ በጠቅላላው ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎችን ያገለግላል፤ ሦስት ታላላቅ ማጣሪያ ጣቢያዎችም አሉት።

መንግሥት ምንም አልከፈለም ማለት ግን አይደለም። የ1972ቱ ሕግ ሲወጣ የፌዴራሉ መንግሥት ለማጣሪያ ጣቢያዎች ግንባታ እስከ 75 በመቶ የሚደርሰውን ወጪ በስጦታ ይሸፍን ነበር። በ1987 ሕጉ ተሻሻለና ስጦታው ቀስ በቀስ ቀርቶ በምትኩ ተዘዋዋሪ የብድር ፈንድ ተቋቋመ። አሠራሩ ከእኛ እቁብ ጋር የሚመሳሰልበት ነገር አለ፦ የፌዴራሉ መንግሥት ለእያንዳንዱ ግዛት መነሻ ገንዘብ ይሰጣል፤ ግዛቱ ቢያንስ የዚያን 20 በመቶ ከራሱ ይጨምራል፤ ከዚያ በኋላ ፈንዱ ለከተሞች በዝቅተኛ ወለድ እያበደረ፣ አንዱ ከተማ የመለሰውን ለሌላው ያደርሳል። ከእቁብ የሚለየው ወለድ ስላለውና ከተማው ገንዘቡን የሚያገኘው በዕጣ ሳይሆን በፕሮጀክቱ አጣዳፊነት ስለሆነ ነው። ከፈንዱ የሚገኘው ብድር የማይበቃውን ሥራ ተቋሙ ቦንድ ሸጦ ያሠራል። ቦንዱን የሚገዛው ባለሀብት ደግሞ እንደ መያዣ የሚያየው የተቀበረውን ቧንቧ አይደለም፤ ቧንቧን ቆፍሮ አውጥቶ የሚሸጥ የለምና። እሱ የሚመለከተው በየወሩ ከደንበኛው የሚሰበሰበውን ክፍያ ነው። እንግዲህ ወንድምዎ የሚከፍሉት ሒሳብ የዛሬውን የማጣሪያ ወጪ ከመሸፈኑ በላይ፣ ተቋሙ በርካሽ ወለድ መበደር እንዲችል የሚያደርገው ዋስትና እሱው ነው።

ክፍያው የከበደበት ሌላው ምክንያት የመስመሩ አሠራር ነው። በአሮጌው የከተማ ክፍል የቤት ፍሳሽና የዝናብ ጎርፍ የሚወርዱት በአንድ ቧንቧ ነው። ዶፍ ሲወርድ ቧንቧው ከአቅሙ በላይ ይሞላል፤ ማጣሪያ ጣቢያው እንዳይጥለቀለቅ፣ ፍሳሹም ወደየቤቱ እንዳይመለስ ሲባል ትርፉ ሳይጣራ ወደ ወንዝና ወደ ሐይቅ ይለቀቃል። ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ2011 ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በፍርድ ቤት በጸደቀ ስምምነት፣ በዓመት 17 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ይደርስ የነበረውን ይህን ልቅ ፍሳሽ በ25 ዓመት ውስጥ ከ2 ሚሊዮን በታች ለማድረስ ግዴታ ገባ። የሥራው ዋጋ 3 ቢሊዮን ዶላር ነው። ከሥራዎቹ ዋነኞቹ ከከተማው ሥር በጥልቀት የሚቆፈሩ ግዙፍ ዋሻዎች ናቸው፤ የመጀመሪያው ብቻውን ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፣ የውስጥ ስፋቱም 7 ሜትር ገደማ ነው። ዝናቡ ሲበረታ ፍሳሹ በዋሻው ይጠራቀምና ዶፉ ሲያባራ በፓምፕ ተስቦ ወደ ማጣሪያው ይሄዳል።

ከዚህ ሌላ ተቋሙ ለጎርፍ ራሱን የቻለ ክፍያ አለው፤ የሚሰላውም የእያንዳንዱ ይዞታ ጣሪያና የተነጠፈ ግቢ ምን ያህል ዝናብ ወደ መሬት እንዳይሰርግ እንደሚያግድ ታይቶ ነው። ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ያለው የገበያ ማዕከል፣ ውኃ ባይጠቀም እንኳ፣ ለሚያወርደው ጎርፍ ይከፍላል ማለት ነው። አንዳንድ ከተሞች ተቋሙ ይህን የማስከፈል ሥልጣን የለውም ብለው ተከራከሩ፤ ጉዳዩ እስከ ኦሃዮ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ2015 ለተቋሙ ተፈረደለት። አቅመ ደካሞችና ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው በቅናሽ የሚከፍሉበት ሥርዓትም አለ። ወንድምዎ ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት ካለፈ ወይም ገቢያቸው አነስተኛ ከሆነ ይጠይቁ።

በእኔ አስተያየት ከዚህ ሁሉ ልንወስደው የሚገባን ዋሻውን አይደለም። የቤት ፍሳሽንና ጎርፍን በአንድ ቧንቧ ማውረድ ከመቶ ዓመት በኋላ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ማየት ነው። የባሕር ዳር ዝናብ አብዛኛው በክረምት ወራት ተሰብስቦ የሚወርድ በመሆኑ፣ ሁለቱን ለያይቶ መሥራት ለእኛ ከእነሱም ይበልጥ ያስፈልገናል። ዛሬ የሽንት ቤቱን ቱቦ በድብቅ ከጎርፍ ቦይ ጋር የሚያገናኝ ባለ ሕንፃ፣ ክሊቭላንድ በ3 ቢሊዮን ዶላር ልትገላገለው የምትታገለውን ችግር በነፃ እየተከለብን ነው።

ጥያቄ፦ የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። የእኛ ከተማስ እንደ ውጭዎቹ ተበድራ የፍሳሽ መስመር መዘርጋት አትችልም? የሚያግዳት ምንድን ነው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ የሕግ መሠረቱ አለ። የውኃ ሀብት ልማት ፈንድ በአዋጅ ቁጥር 268/1994 የተቋቋመው የከተማ ውኃና ፍሳሽ አገልግሎቶች ተበድረው እንዲሠሩ፣ የመለሱትም ገንዘብ ለሌሎች ከተሞች እንዲተርፍ ታስቦ ነው። የዓለም ባንክም እ.ኤ.አ. በ2017 አዲስ አበባንና ሌሎች 22 ከተሞችን ለሚያቅፍ ሁለተኛ የከተማ ውኃና ፍሳሽ ፕሮጀክት 445 ሚሊዮን ዶላር አጽድቋል። አዲስ አበባ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ የሚያጣራውን አዲሱን የቃሊቲ ጣቢያ ያገኘችውም በእንዲህ ያለ ብድር ነው። ስለዚህ ለግንባታ የሚሆን ገንዘብ፣ ብዙ ደጅ ቢያስጠናም፣ ፈጽሞ አይታጣም።

የሚያስቸግረው ግንባታው ካለቀ በኋላ ያለው ነው። የክሊቭላንድ ተቋም የሚበደረው በዶላር፣ የሚሰበስበውም በዶላር ነው። የእኛ አገር ተቋም ገቢው በብር ሲሆን፣ ፓምፑ፣ መለዋወጫው፣ የማጣሪያው መቆጣጠሪያ መሣሪያ ግን ከውጭ የሚገባ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር ማለፉን እንደ ሒሳብ ባለሙያ እርስዎም በሚገባ ያስታውሱታል። ትናንት በ1 ሚሊዮን ብር ይተካ የነበረ ፓምፕ በአንድ ክረምት ውስጥ ወደ እጥፍ የሚጠጋ ዋጋ ሲያወጣ፣ ታሪፉ ባለበት የቆመ ተቋም ፓምፑ እስኪቃጠል ከመጠበቅ በቀር ምርጫ አይኖረውም።

በዚህ ላይ እርስዎ በሙያዎ የሚያውቁትን የእርጅና ተቀናሽ ያስቡበት። ለ50 ዓመት እንዲያገለግል የተቀበረ ቧንቧ በየዓመቱ ከዕድሜው አንድ ሃምሳኛውን ያጣል፤ ፓምፕ ግን ከ15 ዓመት ብዙም አያልፍም። ይህ ቁጥር በሒሳብ መዝገብ ላይ ይጻፋል፤ በመዝገብ ላይ ስለተጻፈ ብቻ ግን በባንክ ሒሳብ ውስጥ ገንዘብ ሆኖ አይገኝም። የፍሳሹ ገቢና ወጪ ከውኃው ተለይቶ ካልተያዘ፣ ለእድሳት የሚቀመጠውም ገንዘብ ሌላ ሥራ በቸገረ ቁጥር የማይነካ ሆኖ በተለየ ሒሳብ ካልተጠራቀመ፣ አዲሱ መስመር ሲያረጅ የሚታደስበት ሳንቲም አይኖርም። ይህን በጽኑ አምናለሁ፦ የእድሳት ቁጠባ መጀመር ያለበት መስመሩ ገና አዲስ ሳለ፣ የመጀመሪያው ቢል በተቆረጠበት ወር ነው። ሪባን በሚቆረጥበት ቀን ግን ስለዚህ የሚጠይቅ ሰው እምብዛም አይገኝም፤ እርስዎን የመሰሉ ባለሙያዎች እንዲጠይቁ እለምናለሁ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ቀበሌ 14 በኪራይ ቤት ነው። በግቢው ያለን ተከራዮች ሁላችንም በአንድ የውኃ ቆጣሪ እንጠቀማለን። ሽንት ቤታችን ጉድጓድ ነው፤ ሲሞላ አከራያችን መጣጭ መኪና አስመጥተው ወጪውን ያካፍሉናል። ቧንቧ በሌለበት ሰፈር የፍሳሽ ክፍያ በውኃ ቢል ላይ ቢጨመር ትክክል ነው ትላላችሁ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ቧንቧ የሌለውን ቤት በቧንቧ ስም ማስከፈል ትክክል አይደለም። ሆኖም ከጉድጓድዎ የሚመጠጠው ዝቃጭም የሚያነሣው መኪና፣ የሚቀበለው ማጣሪያ፣ የሚቆጣጠረው ሠራተኛ ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ ክፍያ ቢመጣ መጠየቅ ያለብዎ፣ ‹በዚህ ገንዘብ ለእኔ ግቢ ምን ይደረግልኛል?› ብለው ነው።

ቧንቧው ቶሎ ወደ እርስዎ ሰፈር የማይደርስበትን ምክንያት ልንገርዎ፤ የገንዘብ እጦት ብቻ አይደለምና። የፍሳሽ ቧንቧ በራሱ እንዲወርድ ተዳፋት ይፈልጋል። መለስተኛ የሰፈር መስመር ደለል እንዳይዝ በየ1 ሜትሩ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት፤ ይህ ትንሽ ይመስላል፣ ነገር ግን መሬቱ ሜዳ ከሆነ ቧንቧው በ1 ኪሎ ሜትር ውስጥ 4 ሜትር ወደ ታች ይጠልቃል። ባሕር ዳር ደግሞ ሜዳ ናት። ከአፈሩ ሥር ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አለ፤ በሐይቁ አካባቢ ውኃው ቅርብ ስለሆነ ቁፋሮው ገና ከመጀመሩ ጉድጓዱ ውኃ ይይዛል። ስለዚህ ፍሳሹን እየሳበ ወደ ላይ የሚያወጣ የፓምፕ ጣቢያ በየቦታው መትከል ግድ ይሆናል፤ ፓምፕ መብራት ይፈልጋል፤ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር፣ ለጄኔሬተሩም ነዳጅ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ዋጋው የሚመለሰው ቤቶች ተጠጋግተው በተሠሩበትና ብዙ ውኃ በሚፈስበት፣ ለምሳሌ በመሀል ከተማ፣ በሆቴሎችና በኮንዶሚኒየሞች አካባቢ ነው። ለቀሪው ነዋሪ፣ ለብዙ ዓመታት የከተማው የፍሳሽ አገልግሎት ማለት ጉድጓድ፣ መጣጭ መኪናና ማጣሪያ ናቸው። የፍሳሽ በጀት ሲነሣ ግን ሁልጊዜ ቧንቧው ብቻ መታሰቡ፣ ሰፊውን ሕዝብ የሚያገለግለውም መኪና እንደ ጊዜያዊ ነገር መታየቱ ትልቅ ጉድለት ነው።

አሁን ባለው ልማድ ጉድጓድ የሚመጠጠው ሲሞላ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በክረምት፣ የከርሰ ምድር ውኃው ከፍ ሲል፣ ያኔም መኪናው ለሁሉም በአንድ ጊዜ ይፈለጋል። ወጪው በአንድ ጊዜ ስለሚወድቅ ቤተሰብ ያዘገየዋል፤ በመዘግየቱ ጉድጓዱ ይገነፍላል። መኪናው ዝቃጩን የሚደፋበት ስፍራ ሲርቅ ወይም ሲከለከል ደግሞ በየጥሻውና በየቦዩ የመድፋት ፈተና ይመጣል።

በፊሊፒንስ ዱማጌቴ የምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ይህን ችግር የፈታችበት መንገድ ለእኛ ይስማማል ብዬ አምናለሁ። የከተማው አስተዳደርና የውኃ ተቋሙ ተባብረው እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ለእያንዳንዱ ሜትር ኩብ ውኃ 2 ፔሶ በቢሉ ላይ ጨመሩ፤ በዚህም ገንዘብ መኪኖቹ ነዋሪው ሳይጠራቸው፣ ሰፈር በሰፈር በተራ እየዞሩ፣ የእያንዳንዱን ቤት ሴፕቲክ ታንክ በጥቂት ዓመታት አንድ ጊዜ ይመጥጣሉ። ዝቃጩ የሚሄደው ለዚሁ ወደ ተሠራ ማጣሪያ ነው። ለነዋሪው ከባዱ የአንድ ጊዜ ወጪ በየወሩ በሚከፈል ትንሽ ገንዘብ ተተካለት፤ ተቋሙም የማይዋዥቅ ገቢ አገኘ። እኛ ጋ ብዙ ግቢዎች ያላቸው የታሸገ ታንክ ሳይሆን ወደ አፈር የሚያሰርግ ጉድጓድ በመሆኑ፣ መኪና የማያስገቡ ጠባብ መንገዶችም ስላሉ፣ እንዳለ መቅዳት አይቻልም፤ በሠፈሩ ልክ መኪናውን ማሳነስ፣ የጉድጓዶቹንም አሠራር ማሻሻል ይጠይቃል።

ስለ ጋራ ቆጣሪ ያነሡት ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ነው። የውኃ ታሪፍ በአገራችን ፍጆታ ሲጨምር የሜትር ኩቡም ዋጋ እየጨመረ እንዲሄድ ሆኖ የተሠራ ነው፤ ዓላማው ብዙ የሚጠቀመው ባለ ሀብት ለአነስተኛው ተጠቃሚ እንዲደጉም ነበር። ነገር ግን ብዙ ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም፣ እያንዳንዱ በባልዲ የሚቀዳው ጥቂት ቢሆንም ድምሩ ከፍተኛው እርከን ላይ ይደርስና፣ ተከራዮቹ በግቢው ሣር ከሚያጠጣ ባለ ቪላ እኩል ወይም በሚበልጥ ዋጋ ይከፍላሉ። የፍሳሽ ክፍያ በውኃ ሒሳብ ላይ በመቶኛ ከተጨመረ ይህ በደል በላዩ ላይ ይነባበራል። መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም፤ ከአንድ ቆጣሪ በስተጀርባ ያሉት ቤተሰቦች በቀበሌ ተመዝግበው፣ የዝቅተኛው እርከን መጠን በቁጥራቸው ልክ እንዲባዛላቸው ማድረግ ይቻላል። ከቦኖ ለሚቀዱትም የፍሳሽ ክፍያ ባይጨመር ይሻላል። እርስዎና አከራይዎ ክፍያ ቢታሰብ፣ ታሪፉ ሳይጸድቅ ለሕዝብ ውይይት በሚቀርብበት ጊዜ ይህን ነጥብ አስቀድማችሁ እንድታነሡ እመክራለሁ።

ጥያቄ፦ መንገዱ ኮብልስቶን ከተነጠፈ በኋላ ለቧንቧ ጥገና እንደገና ይቆፈራል፤ ከዚያም እንደነበረው አይመለስም። ያረጀ የፍሳሽ ቧንቧን ሳይቆፍሩ ማደስ አይቻልም? (ከጣና ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ ይቻላል። መጀመሪያ ጎማ ያለው ትንሽ ካሜራ ከማንሆል ወደ ማንሆል በቧንቧው ውስጥ እየተነዳ ስንጥቁን፣ የገባውን የዛፍ ሥርና የተከማቸውን ቅባት ይቀርጻል። ቧንቧው ቅርጹን ካልሳተ፣ በሙጫ የተነከረ ለስላሳ ከረጢት ወደ ውስጡ ይገባና በአየር ወይም በውኃ ግፊት ከግድግዳው ጋር ይለጠፋል፤ በሙቅ ውኃ፣ በእንፋሎት ወይም በልዩ ብርሃን ሲጠነክር በአሮጌው ቧንቧ ውስጥ አዲስ ቧንቧ ይሆናል። ይህ ዘዴ መጀመሪያ የተሞከረው እ.ኤ.አ. በ1971 በለንደን ነው። ሙጫውም መሣሪያውም ከውጭ የሚገቡ ስለሆኑ ለእኛ ለጊዜው ውድ ነው፤ ካሜራው ግን ብዙ አያስወጣም፣ ጥቅሙም ፈጣን ነው። የትኛው መስመር እንደተጎዳ ሳይታወቅ የሚመደብ የጥገና በጀት የሚጠፋው፣ ጮኾ አቤት በተባለበት ቦታ ብቻ ነው።

የኮንክሪት ቧንቧ ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው ከላይኛው ጣሪያው በኩል መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። ፍሳሽ ቆሞ ሲበሰብስ የሚወጣው ክፉ ሽታ ያለው ጋዝ ከእርጥበት ጋር ተዋሕዶ ወደ አሲድ ይለወጥና ኮንክሪቱን ይበላዋል። እንደ ባሕር ዳር ሞቃትና ሜዳ በሆነ ከተማ ፍሳሽ በቀስታ ስለሚሄድ ይህ ጉዳት ይፋጠናል፤ አዲስ መስመር ሲዘረጋ የፕላስቲክ ቧንቧ እንዲመረጥ የምለው ለዚህ ነው። ሆቴሎችና ምግብ ቤቶችም ከወጥ ቤታቸው መውጫ ላይ የቅባት ማጥመጃ ጉድጓድ ቢሠሩ የመስመሩን ዕድሜ ያራዝማሉ፤ በካይ የሆነ ድርጅት ለብክለቱ ኃላፊ መሆኑን አዋጅ ቁጥር 300/1995 ይደነግጋልና ይህን መጠየቅ የከተማው መብት ነው።

ጥያቄ፦ እንቦጭ ጣናን የወረረው በባሕር ዳር ፍሳሽ ምክንያት ነው? (ከዘንዘልማ)

መልስ፦ በከተማው ፍሳሽ ምክንያት ብቻ ነው ማለት አይቻልም። እንቦጭ በጣና ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 ከታየ ወዲህ በብዛት የተስፋፋው በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ነው፤ በዚያ በኩል መገጭ፣ ርብና ጉማራ ከእርሻ መሬት የታጠበውን አፈርና ማዳበሪያ ይዘው ይገባሉ። የከተማው ፍሳሽ የሚጨምረው ናይትሮጂንና ፎስፎረስ ይበልጥ የሚጎዳው ከከተማው አጠገብ ያሉትን ደንገል የበቀለባቸውን ጥልቀት የሌላቸው ዳርቻዎች ነው፤ እነሱም ዓሣ የሚራባባቸው፣ ሰውም የሚታጠብባቸው ስፍራዎች ናቸው። ስለዚህ የፍሳሽ ማጣሪያ ቢሠራ እንቦጩ ይጠፋል ብሎ ለሕዝብ ቃል መግባት አይገባም፤ ማጣሪያውን ለመሥራት ግን የነዋሪው ጤናና የእነዚህ ዳርቻዎች ንጽሕና በቂ ምክንያት ናቸው።